የኬክ ሚክስ ልግዛ ወይ ላልሽኝ

እህቴ፣ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ የኬክ ሚክስ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ለአንቺ ግን አያዋጣም። በዓመት አንድ ጊዜ ለልጆችሽ ልደት የምትጋግሪ ብትሆኚ "ግዢና ጋግሪ፣ ማን ይከለክልሻል" ብዬ ዝም እል ነበር። አንቺ ግን እዚሁ ጂቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር፣ ከቤትሽ ሳትወጪ፣ ለልደትና ለኢድ፣ ለምርቃትና ለክርስትና ትዕዛዝ ልትቀበዪ ነው ያሰብሽው። ለሚበላና ለሚሸጥ ሰው ሂሳቡ አንድ አይደለም።

እስቲ ፓኬቱን ገልብጪው። በጀርባው ያለው ዝርዝር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው ከፊት፣ ጥቂቱ ከኋላ። በአብዛኞቹ ላይ ከፊት የምታገኚው ስኳርና የስንዴ ዱቄት ነው፤ አንዳንዱ ላይ ስኳሩ ይቀድማል። ከዚያ ስታርች፣ ትንሽ የአትክልት ስብ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ቫኒላ ወይ ካካዎ፣ እንዲሁም ዘይትና ውሃን አስማምተው የሚይዙ ኢሙልሲፋየር የሚባሉ ነገሮች ይከተላሉ። አሁን ደግሞ "ጨምሪ" የተባልሽውን ቁጠሪ፦ ብዙውን ጊዜ 3 እንቁላል፣ ዘይት ወይ ቅቤ፣ ውሃ ወይ ወተት። አየሽው? ርካሹን አሽገው ሸጡልሽ፤ ውዱን ከኪስሽ ታወጪያለሽ። ያተረፍሽው ዱቄት፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር የመመዘኑን ድካም ብቻ ነው፤ እሱም ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። የኬክ ሚክስን ለገበያ ካወጡት ቀዳሚዎች አንዱ በአሜሪካ ፒትስበርግ የነበረ፣ ፒ. ዳፍ ኤንድ ሰንስ የተባለ የሞላሰስ ድርጅት ነው። ሞላሰሱን ከዱቄት ጋር አድርቆ ለዝንጅብል ኬክ የሚሆን ድብልቅ ሠራ፤ ለፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1930 አመልክቶ በ1933 አገኘ። የመጀመሪያው ድብልቅ የደረቀ እንቁላል ስለነበረበት ውሃ ብቻ ይበቃው ነበር። ድርጅቱ ግን ወዲያው ሴቶቹ ትኩስ እንቁላል ራሳቸው መስበር እንደሚመርጡ አስተዋለና ቀጣዩን ማመልከቻ በዚያው መልክ አስገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቆቹ የዱቄት ድርጅቶች፣ ጀነራል ሚልስ በቤቲ ክሮከር ስም፣ ፒልስበሪም በራሱ ስም፣ ገበያውን ያዙት። እንቁላሉ የተጨመረው ኤርነስት ዲክተር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1950ዎቹ "ሴቶቹ ሥራው ሲቀልላቸው ኅሊናቸው ይወቅሳቸዋል" ብሎ ስለመከረ ነው እየተባለ ይወራል፤ ሀቁ ግን እንቁላሉ ከእሱ ምክር ብዙ ዓመት ቀድሞ ገብቷል። ታሪኩ የሚጠቅምሽ ለዚህ ነው፦ እንቁላሉን ስትሰብሪ "የጋገርኩት እኔ ነኝ" የሚል ስሜት ይሰጥሻል። ደንበኛ ግን ገንዘብ የሚያወጣው ለስሜትሽ አይደለም።

ፓኬቱን በከንቱ አላማውም። ኢሙልሲፋየሩ ሥራውን ያውቃል፤ ኬኩ ለስላሳ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፣ ሊጡን ትንሽ አብዝተሽ ብትመቺው እንኳ ይታገስሻል። በዘይት ስለሚሠራም በእኛ ሙቀት ቅቤ እየቀለጠ አያስቸግርሽም። ለጀማሪ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ገና ያልለመድሽውን ኦቨን ለመፈተሽ ከፓኬት የተሻለ ነገር የለም። ድብልቁ ተመዝኖ የመጣ ስለሆነ ኬኩ ከጠቆረ፣ በአንድ ጎን ካጋደለ ወይ መሃሉ ካልበሰለ ጥፋቱ የኦቨኑ እንጂ የልኬትሽ አይደለም። ስለዚህ አንድ ፓኬት ግዢ፤ ለኦቨኑ ግዢው።

ስለ ኦቨን ካነሳን አይቀር፣ የጋዙ ኦቨንሽ መዞሪያ ላይ ዲግሪ ካልተጻፈና ከ1 እስከ 8 ቁጥር ብቻ ካለበት ተጠንቀቂ። በፈረንሳዮቹ አቆጣጠር 6 ቁጥር ማለት 180 ዲግሪ ነው፤ የፈረንሳይ ፓኬት ላይም እንደዚያው ተጽፎ ታገኚዋለሽ። በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ግን 180 ዲግሪ 4 ቁጥር ነው፤ 6 ካደረግሽው 200 ይደርሳል። ጂቡቲ ውስጥ ከሁለቱም ወገን የመጣ ምድጃ ስላለ ያንቺው የየትኛው እንደሆነ ሳታውቂ 6 ላይ አድርገሽ አትሂጂ። ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ካገኘሽ እሱንም ግዢ።

አሁን ከአገር ቤት ይዘሽው ወደመጣሽው እጅ እንሂድ። አንቺ መጋገር የተማርሽው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ በኃይል ይሰፋል፤ ኬኩ ሳይበስል ኩፍ ይልና መሃሉ ይሰምጣል። ውሃውም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ጋጋሪዎች ቤኪንግ ፓውደሩን የሚቀንሱት፣ ስኳሩን ትንሽ የሚያሳንሱት፣ ፈሳሹን የሚጨምሩት። ጂቡቲ ግን የባሕር ዳርቻ ናት፣ ሆዳንም ያው ናት። ያንን ቅነሳ እዚህ ከደገምሽው ኬኩ አይነሳም፤ እንደ ድፎ ዳቦ ከብዶ ይቀርብሻል። ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች "እዚህ ዱቄቱ ነው የማይሆነው" እያሉ ወደ ፓኬት የሚሸሹት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ዱቄቱ ምንም አልሆነም። የአዲስ አበባውን ቅነሳ ተይው፤ አሠራሩን እንደተጻፈው ጋግሪው፣ ይነሳልሻል።

በአንዳንድ የአሜሪካ ፓኬቶች ጀርባ ከ3,500 ጫማ በላይ ለሚኖር ሰው የሚል ለየት ያለ መመሪያ አለ፤ 1,070 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አንቺን አይመለከትሽም። አገር ቤት ላሉት በባቡር ወይ በሰው እጅ ፓኬት ከላክሽ ግን ያንን መስመር አስምሪላቸው። አዲስ አበባና ደሴ ይቅሩ፣ ድሬዳዋም 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውስጥ ትገባለች።

ታዲያ ፓኬቱን ትተሽ ምን ትያዢ? ዕቃው እዚሁ አገር ሱቅ ሁሉ ውስጥ የሚገኘውን የእርጎ ኬክ። የፈረንሳይ ልጆች ከሁሉ በፊት የሚማሩት ኬክ ነው፤ ሚዛን አይፈልግም፣ መለኪያው ራሱ የእርጎው ዕቃ ነው። 125 ግራም የሚይዘውን፣ ስኳርና ፍራፍሬ የሌለበትን እርጎ ግዢ። እርጎውን ገልብጪና ዕቃውን አጥበሽ አድርቂው። በእሱ 2 ስኳር፣ 3 የፊኖ ዱቄት፣ ግማሽ ዘይት ትለኪያለሽ፤ 3 እንቁላልና ግማሽ ፓኬት ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። እርጎውን ከስኳሩና ከእንቁላሉ ጋር ምቺ፣ ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ነፍተሽ ጨምሪ፣ ዘይቱን በመጨረሻ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ አትምቺው፤ ይጠነክራል። በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፤ መሃሉን በስንጥር ስትወጊው ስንጥሩ ደርቆ ከወጣ በስሏል። የሎሚ ልጣጭ ፍቀሽ ብትጨምሪበት የእንቁላሉን ሽታ ያጠፋዋል። ለቸኮሌቱ ከዱቄቱ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሰሽ በካካዎ ተኪው፤ ከጀበናው የተረፈ የቀዘቀዘ ቶና ካለ 3 ማንኪያ ጣል አድርጊበት፣ ካካዎው ይደምቃል። ይቺን ዘዴ በፓኬት ኬክም ላይ በውሃው ፈንታ መጠቀም ይቻላል።

ስትገዢ አንድ ነገር እንዳትስቺ። የፈረንሳዩ ፓኬት ላይ "ሌቩር" የሚል ጽሑፍ ስላየሽ ብቻ አታንሺ። "ሌቩር ሺሚክ" የሚለው የኬኩ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ "ሌቩር ቡላንዤር" የሚለው የዳቦ እርሾ ነው። በተርታ ነው የሚደረደሩት፤ በእርሾ ኬክ ልጋግር ያለች ምን እንደሚገጥማት አንቺው ገምቺ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እናስላ፤ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ፍራንኩን አንቺ ሙዪበት። በእርጎ ኬክ ውስጥ የሚገባው ዱቄት ከ200 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ስኳሩም እንደዚያው። ስለዚህ 1 ኪሎ ዱቄትና 1 ኪሎ ስኳር 4 ኬክ ይወጣቸዋል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ 2 ፓኬት ይበቃል። እንቁላልና ዘይቱን ለሁለቱም ስለምታወጪ እኩል ነው ብለሽ ተይው። እነዚህን ደምረሽ ከ4 ፓኬት የኬክ ሚክስ ዋጋ አጠገብ ጻፊው። እርጎውን እንኳ ጨምሪበት። ልዩነቱ ትርፍሽ ነው፤ በፓኬት ከጋገርሽ ያንን ትርፍ ለፋብሪካው ነው የምትሰጪው። በዚያ ላይ ፓኬቶቹ እያነሱ ነው። የአሜሪካዎቹ ለረጅም ጊዜ 18.25 አውንስ፣ ማለት 517 ግራም ነበሩ፤ ከ2010 በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ 432 ግራም ወረዱ፣ ከዚያም ወዲህ 375 ግራም የሆኑ አሉ። ስሙም ሥዕሉም ያው ነው። በአንድ ፎርማ ልክ ዋጋ ተናግረሽ ኬኩ ዝቅ ብሎ ሲወጣ ደንበኛው የሚጠይቀው ፋብሪካውን አይደለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ጂቡቲ ውስጥ ፓኬቱ በአብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር ወር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀምረው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የምትመኪበት ዓይነት ፓኬት ከመደርደሪያ ሲጠፋ ምን ልታደርጊ ነው? ዱቄትና ስኳሩስ በመርከብ አይደል የሚመጣው ትይኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። ግን ዱቄት ከየትም ይምጣ ዱቄት ነው፣ ለውጠሽ ትገዢያለሽ። የወደደችውን ቫኒላ ኬክ ለሁለተኛ ልጇ ያዘዘች እናት ግን ጣዕሙ ሲለወጥ ታውቀዋለች።

ደንበኞችሽ እነማን እንደሆኑም አስቢ። ከጎረቤቶችሽ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። የፓኬቱ ዱቄት ብዙም ላያስቸግር ይችላል፤ አብሮት የሚመጣው ክሬምና ማስጌጫ ግን ጄላቲን ሊኖርበት ይችላል፣ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማም ይሠራል። ኢ 471 የሚባለው ኢሙልሲፋየር ከአትክልትም ከእንስሳም ስብ ይሠራል፤ ኢ 120 የሚባለው ቀይ ቀለም ከነፍሳት የሚወጣ ነው። የሐላል ምልክት የሌለበትን ለእነሱ አትጠቀሚ። ፈሳሽ የቫኒላ ጭማቂም አልኮል ስላለበት ዱቄቱን የቫኒላ ስኳር ብትይዢ ይሻላል። ራስሽ ከጋገርሽው ግን ማንም "ውስጡ ምን አለ?" ቢልሽ ጣትሽን እየቆጠርሽ ትነግሪዋለሽ። በሰው ዘንድ የሚያስከብርሽ እሱ ነው፤ እንዳትዋሺም ያደርግሻል። በፓኬት ጋግረሽ "ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት" ማለት እንዳይለምድብሽ።

የእኛዎቹ ኦርቶዶክሶች ደግሞ የረቡዕና የዓርብ ጾም አለባቸው፣ 55 ቀን ዓቢይ ጾም አለባቸው። የጾም ኬክ የሚጠይቅሽ ብዙ ነው፤ በዚህ ከተማ ደግሞ እሱን የሚሠራ ብዙ ሰው የለም፣ እኔን ከሰማሽ በዚህ ነው ስም የምታወጪው። የፓኬት ድብልቅ ውስጥ የወተት ዱቄት ወይ የደረቀ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ የአውሮፓ ፓኬት ከሆነ ለመለየት ቀላል ነው፣ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ከሌላው ጽሑፍ ደምቀው እንዲታተሙ ሕጉ ያስገድዳል። "ሌ" ብሎ የሚነበበው ወተት፣ "ኧፍ" ብሎ የሚነበበው እንቁላል ደምቀው ካየሻቸው መልሺው። የራስሽን ለመሥራት ከፈለግሽ አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢካርቦናት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ደባልቂ። በላዩ አንድ ኩባያ ውሃ፣ 5 ወይም 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። ኮምጣጤው ከቢካርቦናቱ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ያወጣል፣ ኬኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ስለዚህ ሊጡን እንዳቀላቀልሽ ወዲያው ቀድሞ ወደ ሞቀ ኦቨን አስገቢው። ቆሞ ከጠበቀሽ ያልቅበታል። እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ግን ይለሰልሳል። በአሜሪካ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን እንቁላልና ቅቤ ባጡ ቤቶች የታወቀ አሠራር ነው፤ ለእኛ ለጾሙ ሆነልን።

ዕቃ አያያዝሽን ደግሞ አስተካክዪ። የእኛ ሙቀትና እርጥበት የቤኪንግ ፓውደር ጠላት ነው። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመስታወት ዕቃ አድርጊው። ከጥርጣሬሽ ለመውጣት አንድ የሻይ ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣዪው፤ በኃይል አረፋ ካወጣ ይሠራል፣ ዝም ካለ ጣዪው። በፓኬት ድብልቅ ይህን ማወቅ አትችዪም፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ መጥቷልና። በቅናሽ የተለጠፈበትን፣ ቀኑ የደረሰ ፓኬት ርካሽ ነው ብለሽ ስትገዢ የሞተ ቤኪንግ ፓውደር ገዝተሽ ይሆናል። ልጆቹ ጥሬውን ሊጥ እንዳይልሱም ከልክያቸው፤ የእንቁላሉ ብቻ አይደለም፣ ጥሬ ዱቄትም ያሳምማል። በ2018 በአሜሪካ የደንከን ሃይንስ አንዳንድ የኬክ ሚክሶች ከሳልሞኔላ ጋር በተያያዘ ከገበያ ተሰብስበው ነበር።

ክሬሙን በተመለከተ፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ሙቀት የቅቤ ክሬም ቀብተሽ በሚኒባስ እልካለሁ አትበዪ። ኬኩን ራቁቱን ላኪና ስኳር ዱቄት ነስንሺበት፣ ወይ ደንበኛዋ አመሻሽ ላይ መጥታ ትውሰደው። አበባ በአበባ የሆነ ቶርታ ለሚፈልግ የሚልፎሊና የቶርታ ቤቶቹ አሉ፤ በነሱ ሜዳ ገብተሽ አትወዳደሪ።

ስለ ዋጋ የመጨረሻውን ልንገርሽ። እንቁላል፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ጋዝ ወይ መብራት፣ ካርቶኑና መጓጓዣው ሲደመሩ የሚመጣውን ጻፊ፤ ከዚያ ለድካምሽ ጨምሪ። "የጎረቤት ልጅ ናት፣ ቀንሺልኝ" ለሚልሽ ትንሽ ኬክ ሽጪለት እንጂ ትልቁን በኪሳራ አትስጪ። በዱቤም አትጀምሪ።

ለአሁኑ ግን ትዕዛዝ አትቀበዪ። የእርጎውንና የጾሙን ኬክ በዚሁ ኦቨንሽ እየደጋገምሽ ጋግሪ፣ ለእኔም ላኪልኝ፣ እውነቱን እነግርሻለሁ። ሁለቱም ተከታትለው ሳይሰምጡ እስኪወጡ ድረስ ከማንም ቀብድ እንዳትይዢ።